ባዶ ቀለህ መልሶ መሙላት፣ ከየት ይጀመራል?

ሰላም ወገን፣ ጅማ ነኝ። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ለአጋዘን አደን የሚሆነውን ጥይት በቀለህ (ከተተኮሰ ጥይት በሚቀረው ባዶ ቀፎ) ቤቱ ራሱ ይሞላል። ማና ወረዳ ያለውን በቆሏችንን ከርከሮ ጨረሰው፤ የአባቴ ጠመንጃ አለ፣ ጥይቱ ግን ውድ ነው። እኔስ መጀመር እችላለሁ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እዚህ አትሞክረው። አዋጅ 1177/2012 ጠመንጃንም ጥይትንም በፈቃድ ነው ያደረገው። የአባትህ ጠመንጃ ፈቃድ እንዳለው መጀመሪያ አጣራ።

መልስ 2፦
እኔ ውጭ እያለሁ ሁለት ዓመት ሞልቻለሁ። ቀለሁ ይጸዳል፣ በማሽን ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ከስሩ ያለችው ባሩዱን የምታቀጣጥለው ፕራይመር ትቀየራለች፣ ከዚያ ባሩድ ተመዝኖ ይገባና እርሳሱ (ተተኩሶ የሚወጣው ጫፍ) ይገጠማል። ሲወራ ቀላል ነው። ሚዛኑ ግን በግሬን ነው፣ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ! ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዓይነቱን ከተሳሳትክ ወይ ሁለቴ ከጨመርክ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ለዚህ ነው ሁሌ የባሩዱ ፋብሪካ መጽሐፍ ከሚያዘው ዝቅተኛ ልክ የሚጀመረው። የተሰነጠቀ ቀለህ ይጣላል። እዚያ ዕቃውም መጽሐፉም ሱቅ ይገኛል፣ ሕጉም ይፈቅዳል። ከገበያ በተገዛ ያልታወቀ ባሩድ እንዳትነካው፣ በእናትህ!

መልስ 3፦
ከርከሮውን በአጥርና በጥበቃ ያዙት። እኛ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብተን ነው በቆሎውን ያተረፍነው። ለወረዳው ግብርና ቢሮም አመልክቱ።

ጠያቂው፦
እሺ ወንድሞቼ፣ ሐሳቤን ትቻለሁ። ነገ ከአባቴ ጋር ፈቃዱን እናያለን።