ስኩዊድ የሚባለው እንስሳ እውነት ሰው ይበላል? ዳኛ ሆኜ ተቸግሬያለሁ

ሐይቅ ዳር ጥብስ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እጠብሳለሁ። ትናንት ማታ ደንበኞቼ ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ ከፍተው ጉድ አሉ። ክንዱ የበዛ ቀይ እንስሳ ጠላቂ ሰው ላይ ይጠመጠማል። አንዱ "ሰውም ይበላል፣ የራሱንም ወገን ይበላል" አለ። ሌላው "የኮምፒውተር ሥራ ነው" ብሎ ሳቀበት። ቢራ ተወራረዱና ዳኛ አደረጉኝ። ይባስ ብሎ አንዱ "ጣናም ውስጥ አይጠፋም" ሲል ልጄ ሰምታ ዛሬ እግሬን ውኃ አልነክርም ብላለች። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

የአባይ ማዶ ልጅ፦
ጣና ላይ የሚጠመጠም ነገር ካለ እምቦጭ ነው። ልጅህ መፍራት ካለባት የአባይ መውጫውን ጉማሬ ትፍራ።

ባሕረኛው፦
ወንድሜ፣ እንስሳው እውነት ነው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ማሪን ኢንጂነሪንግ ተምሬ የጭነት መርከብ ላይ ነው የምሠራው። ፔሩ ውስጥ፣ ካያኦ ወደብ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥለን ተራ ስንጠብቅ ማታ ማታ እናጠምደው ነበር። ሁምቦልት ስኩዊድ ይባላል። ቀን ቀን ብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለአደን ወደ ላይ ይወጣል። መብራት ወደ ውኃው ስታበራ ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ እሱም እነሱን ብሎ ይመጣል። ማጥመጃው ላይ ትል የለም። በጨለማ የሚያበራ ፕላስቲክ ነው፣ ግርጌው ዙሪያውን መንጠቆ።

አንዱን አውጥተን ወለሉ ላይ ስንጥለው ደም የመሰለ ቀይ ነበር። ዓይናችን እያየ ነጣ። መልሶ ቀላ። እንደ ባጃጅ ፍሬቻ ቦግ እልም ይላል። ቆዳው ውስጥ ቀለም የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ጡንቻ ሲወጥራቸው ቀለሙ ይሰፋል፣ ሲለቃቸው ይሰበሰባል። አንድ ፊሊፒናዊ ባልደረባዬ በጓንት ሊያነሳው ሲል ክንዱን ጠመጠመበት። ሲላቀቁ ጓንቱ ተቦጫጭቋል። ለካ ክንዱ ላይ የተደረደረው፣ የሚጣበቅበት መምጠጫ እያንዳንዱ ዙሪያውን ጥርስ አለው! ከዚያ ጥቁር ቀለሙን ለቀቀብን፤ ወለሉን ያጠበ ያውቀዋል።

አደኑ እንዲህ ነው። ስምንት ክንድ አለው፣ ሁለት ደግሞ ረጃጅም መያዣዎች። ሁለቱን ወርውሮ ይይዝና ለስምንቱ ያስረክባል። መሃል ላይ መንቆር አለ። ቆራርጦ ነው የሚውጠው፤ የምግብ ቧንቧው በአንጎሉ መሃል ስለሚያልፍ ትልቅ ጉርሻ አይሆንለትም።

የራሱን ወገን ይበላል ያለው ሰውዬ ግን ቢራው ይገባዋል። አንዱን ስንጎትት ሌሎቹ ከኋላ ይቦጭቁታል፤ አንዳንዴ ግማሹን ብቻ ነው የምናወጣው። የሰው ነገር ተጋኗል። የሜክሲኮ አጥማጆች "ቀይ ሰይጣን" ይሉታል፣ ጠላቂ የያዘበትና የነከሰበት ጊዜም አለ። በሰላም አብረውት የዋኙ ግን ብዙ ናቸው። የሚብስበት መንጠቆና ማጥመጃ ባለበት፣ እርስ በርስ ሲበላላ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ዕድሜው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነች እንቁላል ተነስቶ እስከ 50 ኪሎ ይደርሳል። ይሄ ሁሉ በአንድ ሁለት ዓመት! ከዚያ ይሞታል።

የባዮሎጂ መምህር፦
ባሕረኛው ያየው መካከለኛውን ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. አንታርክቲካ አካባቢ፣ ሮስ ባሕር ላይ፣ በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ሲበላ አብሮ የወጣው ኮሎሳል ስኩዊድ 495 ኪሎ መዝኗል። ክንዶቹ ላይ ከመምጠጫ ሌላ መንጠቆም አለ። ጃፓኖች ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ግዙፉ ስኩዊድ የሚባለውን ሌላ ዝርያ በ900 ሜትር ጥልቀት ፎቶ ሲያነሱት ማጥመጃው ላይ ተይዞ ሲታገል አንዱ መያዣው ተቆርጦ ቀረ። ቁራጩ ብቻ ከ5 ሜትር በላይ ነው።

ለልጅህ ደግሞ እንዲህ በላት፦ ስኩዊድ ጨው ውኃ ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው። የሰውነቱን ጨው ጨው ከሌለው ውኃ ጋር ማመጣጠን አይችልም። ጣናማ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። የራሳችን አዳኞች አሉን፣ ማንም አያወራላቸውም እንጂ። ዓሣ በል የሆኑት የጣና ባርበሶች አፋቸው ውስጥ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

ሐይቅ ዳር ጥብስ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ ለልጄ አነብላታለሁ። ባሕረኛው፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ይበላል? ጥብስ ይሆናል?

ባሕረኛው፦
ይሆናል። ቀለበት ቀለበት አድርገህ፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርገህ፣ ቶሎ ማውጣት ነው። ከቆየ ጥርስ አይገባለትም። ግን ክንፍ ቢኖረውም ቅርፊት የለውም። አምባዛ የማይነካ ደንበኛ ካለህ ይሄንንም አይነካም።

ሐይቅ ዳር ጥብስ፦
ግማሾቹ አምባዛ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። በቆሮሶ እንቀጥላለን። "የኮምፒውተር ሥራ ነው" ያለው ሰውዬ ዛሬ አልመጣም፤ ስልኩም አይነሳም።