የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩ ይቀማ ወይስ ራሱን ይግዛ?

የግሩፑ አስተባባሪ፦ እሺ ቤተሰብ፣ ትናንት ማታ የተነሳው ነገር በየውስጥ መስመሩ ከሚበተን እዚሁ እንጨርሰው። አንዲት እናታችን የ12ኛ ክፍል ልጃቸውን ስልክ ፈተናው እስኪያልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ልጁ አኩርፏል። ግማሹ ሰው "እሰይ!" አለ። ግማሹ ደግሞ "ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማን ሊቆልፍለት ነው? ግብ ማውጣትና ራሱን መግዛት ይልመድ" አለ። ሐሳባችሁን ጻፉ። ስድብ የለም። የድምፅ መልእክትም አትላኩ፣ ሰው ታክሲ ውስጥ ነው።

የልጁ እናት፦ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ አላፍርበትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲያጠና አየሁትና ደስ ብሎኝ ሻይ ይዤለት ብገባ፣ የተገለጠው ገጽ ትናንት ተገልጦ ያደረው ገጽ ነው። ስልኩ ከመጽሐፉ ሥር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደግሞ ብርድ ልብሱ ውስጥ መብራት አየሁ። ምነው ብለው "የሌሊት ጥቅል ይረክሳል እኮ እማ" አይለኝም? ቁጠባ መሆኑ ነው። በ2017 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይሄን እየሰማሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

የፊዚክስ መምህር፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ውጤቱን ስልክ ላይ አናላክክ። ቁጥሩን ከጠሩት አይቀር ሁሉንም እንጥራው። በ2014 ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ ከዚያ እርስዎ ያሉት 8.4። በ2014 የሆነው ምንድን ነው? ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፣ ኩረጃው ቀረ። ቲክቶክ ያን ዓመት አልተፈጠረም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ያለው ልጆቹ ስልክ ስለጣሉ ነው የሚለኝ ካለ ለአፍ ዳገት የለውም እለዋለሁ። ክፍሌ ውስጥ በየቀኑ አያቸዋለሁ።

ሌላም አለ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በወረቀት ያልደረሱት ተማሪ ብዙ ነው። ፒዲኤፉን ከቴሌግራም አውርዶ ነው የሚያነበው። ስልኩን ሲቆልፉ ባዮሎጂውንም አብረው ቆልፈውት ይሆናል።

ባንክ ቤት የምሠራ፦ መምህር፣ በቁጥሩ እስማማለሁ፣ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። "ግብ አውጣና ራስህን ግዛ" የሚባለውን እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ላይ ሆኜ አልቻልኩትም፣ የ18 ዓመት ልጅ ከየት ያመጣዋል? በመስከረም ቆንጆ ደብተር ገዝቼ ግቦቼን ጻፍኩ። እንግሊዝኛ ማሻሻል፣ ጠዋት መሮጥ፣ ማስተርስ መጀመር። ጥቅምት ላይ ደብተሩ የዕቁብ መዝገብ ሆነ። ሩጫውን ተዉት። ግቤን ስላላወቅሁ አይደለም፣ ግቤን እየተመለከትኩ ነው ስልኩን የከፈትኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ፆም ሊገባ ሲል ቅቤውን ለምንድነው የምንጨርሰው? የፍስክ ዕቃውንስ ለምን ለብቻው እናስቀምጣለን? እናቶቻችን ቁርጠኝነት አንሷቸው ነው? ዓይን ካላየ ልብ እንደማይመኝ ስለሚያውቁ ነው። ዶሮ ወጥ ፊቱ አስቀምጦ "ጹም፣ ጠንካራ ሁን" የሚል ቤተሰብ አላየሁም። ለስልክ ሲሆን ግን ልጁን ብቻውን ከዶሮ ወጡ ጋር እናፋጥጠዋለን።

ረመዲያል ገብቼ ያለፍኩ፦ ዶሮ ወጧ ተመችታኛለች 😂 ግን እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አባቴ ስልኬን ጥር ላይ ወሰደው። ሚያዝያ ድረስ ያየሁት ግድግዳ ነው። ወንድሞቼ፣ ግድግዳም ይስባል! የቀለሙ ስንጥቅ የአፍሪካ ካርታ ይመስል ነበር። ከዚያ የጓደኛዬን ስልክ መዋስ ጀመርኩ፣ ከዚያ "ላይብረሪ ልሂድ" ማለት ጀመርኩ፣ ላይብረሪው የት እንደነበር አልናገርም። ፈተናውን አላለፍኩም።

ረመዲያል (ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ስገባ ስልክ ነበረኝ፣ የለወጥኩት ሌላ ነገር ነው። "ዛሬ ሒሳብ አጠናለሁ" ማለት ተውኩ። ሒሳብ ባሕር ነው፣ የቱን ነው የምታጠናው? በምትኩ "ከእራት በፊት ከ2014ቱ ፈተና ከ1 እስከ 15 ያለውን እሠራለሁ" ብዬ ቁራጭ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሲያልቅ አለቀ። 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚባለውንም ሞከርኩት። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣልያናዊ ተማሪ እያለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የኩሽና ሰዓት የጀመረው ነው፣ ለዚህ ነው ፖሞዶሮ የሚባለው። እውነቱን ለመናገር የኔ 5 ደቂቃ ሁሌ 40 ትሆን ነበር፣ ስልኩን ሌላ ክፍል እስካስቀምጠው ድረስ።

ባንክ ቤት የምሠራ፦ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እኔ ጋ መጣህ 😄

ረመዲያል ገብቼ ያለፍኩ፦ አልመጣሁም! ያስቀመጥኩት እኔ ነኛ። አባቴ አይደለም።

ዱባይ ያለሁ እህት፦ እኔ አጭር ነገር ልበል፣ ሥራ ላይ ነኝ። የወንድሜን ስልክ የገዛሁለት እኔ ነኝ። እናቴ ስትቀማው ለሦስት ሳምንት ድምፁን አልሰማሁም፣ ታሞ የደበቁኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ስልክ ለእናንተ መጫወቻ ነው፣ ለእኔ ቤተሰቤ ነው። ቁልፍ ስልክ ግዙለት ቢያንስ። ይደወልበታል፣ ቲክቶክ የለውም፣ ባትሪውም ሳምንት ይቆያል።

የልጁ እናት፦ ልጄ አይዞሽ። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

የፊዚክስ መምህር፦ ስልኩን ራቅ አድርጎ ስለ ማስቀመጥ የተባለውን አልቃወምም። የ2023ቱ (እ.ኤ.አ.) የዩኔስኮ ሪፖርት ላይ፣ አንድ ተማሪ አንዴ ሐሳቡ ከተሰረቀ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅበት እንደሚችል ተጽፏል። ፈረንሳይም በ2018 እ.ኤ.አ. እስከ 15 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ ስልክን በሕግ ከልክላለች። ክፍል ውስጥ ይከልከል፣ እኔም እሰበስባለሁ። ቤት ግን ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ስልኩን ስወስድ በምትኩ የምሰጠው ትምህርት አለ። ቤት ውስጥ ስልኩ ሲወሰድ በምትኩ የሚሰጠው ምንድን ነው? "አጥና" የሚል ቃል ብቻ። ልጁ ዛሬ ምን ላይ እንደሚጀምርና ምን ላይ እንደሚያቆም ካላወቀ፣ ግድግዳውን ነው የሚያየው፣ ከላይ እንደተባለው።

የልጁ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ልጁ ነኝ። በእማዬ ስልክ ነው የምጽፈው፣ ፈቅዳልኛለች። ሁሉንም አነበብኩት።

የሌሊቱ ጉዳይ እውነት ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ። ከመጽሐፉ ሥር የነበረውም እውነት ነው። ግን አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ስልክ የለኝም፣ ተቀመጥኩ። 11 ከሩብ፣ "ሽንኩርት አምጣ"። ተመለስኩ። እንግዳ መጣ፣ ውሃ አቀረብኩ፣ "ስንተኛ ክፍል ደረስክ?" ተባልኩ፣ "12" አልኩ፣ "ጎበዝ፣ አጥና እንግዲህ" ተባልኩ። ከዚያ እማዬ ሳሙና ረስታ ኖሮ እንደገና ሱቅ። 12 ተኩል ላይ መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ተከታታይ ድራማው ጀመረ፣ ሳሎንና የኔ ጠረጴዛ በመጋረጃ ነው የሚለያዩት። በድራማው መሀል ለእማዬ ስለ ዕድር ሦስት ጊዜ ተደወለላት፣ ላውድ ላይ ነው የምታወራው። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ማን ሊሆን እንደሆነ ከናንተ ቀድሜ አውቃለሁ። ኬሚስትሪ ግን አላወቅኩም።

ባንክ ቤት የምሠራ፦ ኧረ ሞትኩ 😂😂

የግሩፑ አስተባባሪ፦ ይሄ ልጅ ጠበቃ ነው የሚሆነው።

የፊዚክስ መምህር፦ ያነሳኸው ትክክል ነው ልጄ። ግን አንተም መልስ አለብህ። ሁለት ሰዓት ጸጥታ ቢሰጥህ የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃዎች ምን ትሠራለህ? "ኬሚስትሪ" እንዳትለኝ።

የልጁ እናት፦ ልጁ ነኝ አሁንም። ከ12ኛ ክፍል ምዕራፍ አንድ፣ አሲድና ቤዝ፣ የፒኤች ስሌት አስር ጥያቄ። ፒዲኤፉ ግን ስልኬ ውስጥ ነው።

ረመዲያል ገብቼ ያለፍኩ፦ ያን ምዕራፍ ፕሪንት አስወጣው። አንድ ምዕራፍ ብዙ ገንዘብ አይጨርስም። እኔ እንደዛ አደረግኩ።

ባንክ ቤት የምሠራ፦ እኔ ሐሳብ አለኝ። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት የቤቱ ስልክ ሁሉ መሶብ ውስጥ ይግባ። የእናትየውም። ሽንኩርትና ሳሙና ከ11 ሰዓት በፊት ይገዛ። ልጁ ቁራጭ ወረቀቱን ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ፣ የአፍሪካ ካርታው ላይ 😄። እህታችን ደግሞ ከ3 ሰዓት በኋላ ወደ ወንድሟ ትደውል፣ እዚያም ቤት መሶብ አይጠፋም።

የልጁ እናት፦ አሁን እኔ ነኝ፣ እናቱ። መሶቡ ይሁን። ሽንኩርቱንም ራሴ እገዛለሁ። ዕድሩም ከ3 ሰዓት በኋላ ይደውል። ግን ድራማው ሁለት ተኩል ላይ ነው የሚጀምረው፣ እሱን ምን ላድርግ?

የፊዚክስ መምህር፦ በማግስቱ በድጋሚ ያቀርቡታል እናቴ።

የልጁ እናት፦ ድጋሚውማ ጎረቤት ታሪኩን ከነገረኝ በኋላ ነው። ምን ጣዕም አለው?

የልጁ እናት፦ ልጁ ነኝ። ድምፁን ቀንሳ ትይ፣ ተስማምቻለሁ። ስልኳን እየተቀበለችኝ ነው፣ ደህና እደሩ።