የኮራል አኳሪየም ያለ ቀንድ አውጣና ያለ ሸርጣን ንጹሕ ይሆናል?

ሰላም ለሁላችሁ። የጨው ውሃ አኳሪየም ላይ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፤ ግራ ገብቶኛል። ገንዳው አዲስ ነው፤ ሁለት ክላውን ዓሣና ጥቂት ለስላሳ ኮራል አለበት። አሸዋው ላይ ቡናማ ነገር ተነጥፏል፤ በጣት ሲነኩት እንደ አቧራ ብን ይላል። ዲያቶም (ቡናማ ጥቃቅን አልጌ) ነው፣ የሚያድግበት ሲሊኬት የሚባለው ማዕድን ከውሃው ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል ብዬ ታገስኩ። አሁን ደግሞ ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር መሰል አልጌ ጀመረ።

የሚመክረኝ ሁሉ «ቀንድ አውጣና ሄርሚት ክራብ ጨምር» ይላል። መስታወቱን እኮ በማግኔት መጥረጊያ እኔው እፈገፍገዋለሁ! ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ግን እጄ አይገባም፤ ለእዚያ ትሮከስ ቀንድ አውጣ ቢሆን ይገባኛል፣ ቢገለበጥ እንኳ ራሱን ያቃናል። ያልተዋጠልኝ ሄርሚት ክራቡ ነው። የሌላውን ዛጎል ለብሶ የሚኖር ሸርጣን ስለሆነ፣ ሰፋ ያለ ቤት ሲያምረው ቀንድ አውጣውን ገድሎ ይወርሳል። ባዶ ዛጎሎች ብበትንለት በእርግጥ ይተዋል? አልጌው ሲያልቅስ ምን ይበላሉ? በረሃብ ከሞቱ ትርፉ ውሃውን የሚመርዝ አሞኒያ ነው።

ምግብ ቀንሼ፣ ውሃ እየቀየርኩ አልጌውን የሚመግቡትን ናይትሬትና ፎስፌት ባወርድ ብቻውን ይበቃል? ወይስ ቀንድ አውጣ ብቻ ላስገባ? ገንዳው 100 ሊትር ነው፤ ስንት ትላላችሁ?