ከድሬዳዋ ብቻዬን ጥብቅና እሠራለሁ፤ የሙያ አጋር ከየት ላግኝ?

ጠያቂ (ብቸኛዋ ጠበቃ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ በአንድ የጥብቅና ድርጅት ስሠራ ቆይቼ በቤተሰብ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ ከተመለስኩ ወዲህ በግሌ ነው የምሠራው። ደንበኞቼ ግማሾቹ እዚሁ፣ ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ጥቂቶቹ አሜሪካ ናቸው። ውሉንም ክሱንም ቤቴ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ በዚህ በኩል ችግር የለብኝም። ድርጅቱ ውስጥ ሳለሁ ግን አንድ ነጥብ ሲያጠራጥረኝ አጠገቤ ያለውን ባልደረባ «እስቲ ይህን አንብበው» እለው ነበር። ዛሬ የይግባኝ ማመልከቻዬን ከእኔ በቀር መጀመሪያ የሚያነበው ዳኛ ነው። በዚያ ላይ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ልደታ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን ቀጠሮ ይገጣጠምብኛል። የቴሌግራም ቡድን ሞልቶኛል፤ የበዓል መልካም ምኞት ነው የሚበዛበት። እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?

ቀጠሮ አክባሪ (አዲስ አበባ)፦
እኅቴ፣ ቡድኑን ይተዉትና አንድ ሰው ይፈልጉ። ልደታ የሚመላለስ፣ ድሬዳዋ ላይም መዝገብ ያለው ጠበቃ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ስለሚያስችሉ የእርስዎ ፈቃድ እዚያም እዚህም ያገለግላል። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባ ለአጭር ቀጠሮ ሲል አውሮፕላን መሳፈር ሰልችቶታል፤ እርስዎ ቢቆሙለት ውለታው አይረሳም። መጀመሪያ ሰጪ ይሁኑ፤ ጠይቀው ከመጡ ግን እንደ ሌላው ሁሉ «እሺ፣ እንነጋገራለን» ብሎ ይሸኝዎታል።

ሰው ሲልኩ መዝገቡን ብቻ አይላኩ። እኔ አንድ ገጽ እጽፋለሁ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎቱ፣ ቀጠሮው ለምን እንደ ሆነ፣ ዳኛው ስለ ዕርቅ ቢጠይቁ ምን እንደሚመለስ፣ ለእኔ ሳይደወል በፍጹም «አዎ» የማይባልበት ፍሬ ነገር። የመጨረሻዋ መስመር ናት ዋናዋ። ምትክ የሆነ ጠበቃ ጨዋነት ይዞት «ይህንስ አንክድም» ያለ ዕለት ክርክሩ እዚያው አለቀ። ከችሎት እንደ ወጣም ሌላ ጉዳዩን ሳይጀምር የተሰጠውን ትእዛዝ ይጻፍልዎት።

የድሮ ዐቃቤ ሕግ፦
ቀጠሮ አክባሪ ያለፈው ነገር አለ፤ ውክልናው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል ሥራውን ራሱ እንዲፈጽም ነው የሚያዘው፤ ሌላ የሚተካው ወካዩ ከፈቀደለት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ውክልና ውስጥ «ውክልናውን በሙሉም ሆነ በከፊል ለሌላ ጠበቃ እንድታስተላልፍ» የሚል መኖሩን ተመልከቺ። የአሜሪካ ደንበኞችሽን ደግሞ በተለይ። እነርሱ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርመው ሰነዱን ይልካሉ፤ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ገብቶ ይመዘገባል። አንዲት ሐረግ ስለ ጎደለች ይህ ሁሉ እንደገና ይጀመራል። ላኪሽው ሰው ሥልጣን የለውም ከተባለ ደግሞ እንደ ቀረሽ ነው፤ ከሳሽ ከሆንሽ መዝገቡ ይዘጋል፣ ተከሳሽ ከሆንሽ ጉዳዩ በሌለሽበት ይታያል።

ከሐረር፦
እኔ ስለ ማንበቡ ልናገር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የችሎቱ ውሳኔዎች የሚታተሙበትን ያንን ሁሉ ቅጽ ብቻውን የሚከታተል ሰው አላየሁም። እኛ ጥቂት ሆነን ተከፋፍለነዋል፤ አንዱ የሥራ ክርክር፣ አንዱ የውርስ፣ እኔ የመሬት። በስልክ እንገናኛለን፤ ሳያነብ የመጣ ያዳምጣል እንጂ አስተያየት አይሰጥም። ጥብቅ ይመስላል፣ ቡድኑን ያቆየው ግን ይኸው ነው።

ለባልደረባ ጉዳይ ከማስረዳትዎ በፊት የተከራካሪዎቹን ስም ብቻ ይንገሩት። ተቃራኒውን ወገን ይዞ ሊሆን ይችላልና ዝርዝሩን ከሰማ ሁለታችሁም ችግር ውስጥ ናችሁ። ጥያቄውን በቡድን ውስጥ የሚያቀርቡ ከሆነ ደግሞ ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም። «ከዚራ ሱቅ ያላቸው፣ በአባታቸው ቤት የተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች» ካሉማ ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቃቸው ማን አለ? የሕጉን ጥያቄ ብቻ ነጥለው ያውጡ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ክፍያውስ? ያለ ክፍያ ልቁምለት ወይስ? ደንበኛ ለሚልክልኝስ የድርሻ ነገር ይነሣል?

ቀጠሮ አክባሪ፦
ለአንድ ቀጠሮ ቁርጥ ዋጋ ተነጋገሩና በጽሑፍ አስቀምጡ። በነጻ የሚሠራ ሰው በሦስተኛው ቀጠሮ ስልክ አያነሣም።

የድሮ ዐቃቤ ሕግ፦
ደንበኛ ስለ ላከልሽ ብቻ ድርሻ የሚጠይቅሽ ሰው ደላላ ነው። ጠበቃ ቢሆንም ደላላ ነው። አብሮሽ ከሠራ ደንበኛው አውቆ በሠራው ልክ ይከፈለው።

ሳቢያን፦
እኔም ድሬዳዋ ነኝ፤ ጎረቤት ሳንሆን አንቀርም። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር አባል ነዎትና ስብሰባው ላይ ይገኙ፤ ንግግሩ ይረዝማል፣ ሰው የሚተዋወቀው በሻይ ዕረፍቱ ነው። ከ1987 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በር ነው፤ ለተቸገሩ ሴቶች በነጻ አብሮ የሚሠራ ባልደረባ ሥራው ምን እንደሚመስል በዓይን ይታያል። ይኸው አዋጅ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲመሠርቱ ፈቅዷል፤ እኔ ግን አትቸኩሉ እላለሁ። መጀመሪያ አንድ የከረረ ክርክር አብራችሁ ተሸነፉ፤ ያኔ ማን ማን እንደ ሆነ ይለያል። የይግባኝ ማመልከቻዎን የሚያነብ ዓይን ከፈለጉ እኔ አለሁ፤ የእኔንም ያነቡልኛል። ብቻ የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ በሚያልቅበት ማታ ላይ አይላኩልኝ።

ጠያቂ፦
እሺ፣ አላደርገውም። ውክልናዎቹን አውጥቼ አየሁ፤ የድሬዳዋና የአዲስ አበባዎቹ ሐረጉ አላቸው፣ የአሜሪካዎቹ ግን የላቸውም። አዲስ እንዲልኩልኝ ረቂቁን ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። እስኪደርስ የእነርሱን ቀጠሮ ራሴ እየሄድኩ እቆማለሁ፤ የድሬዳዋው ቀጠሮ ከተጋጨብኝ ሳቢያን ይቆሙልኛል?

ሳቢያን፦
መጀመሪያ የተከራካሪዎቹን ስም ይላኩልኝ።