ከቤንዚን ሞተር ሳይክል ወደ ኤሌክትሪክ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ዕቃ አድራሽ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የቤንዚን ሞተር ላይ ነው የምውለው። ያየሁት የኤሌክትሪክ ሞተር ባትሪው 72 ቮልት፣ 40 አምፔር-ሰዓት ይላል። ሻጩ «አንዴ ቻርጅ ካደረግከው 120 ኪሎ ሜትር ይወስድሃል» አለኝ። ልመነው?

መልስ፦ ኧረ ቀስ በል! 72 በ40 ሲባዛ 2,880 ዋት-ሰዓት (2.88 ኪሎዋት-ሰዓት) ነው፤ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ይኸው ነው። ጭነት ይዘህ በኪሎ ሜትር 40 ዋት-ሰዓት ቢበላ 72 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል። የሻጩ ቁጥር ብቻህን፣ በሜዳ፣ በዝግታ ስትነዳ ነው። ፍጥነት ስትጨምር ንፋሱ ራሱ ባትሪህን ይበላዋል።

ጠያቂ፦ ባትሪውስ ቶሎ ይሞታል ይላሉ?

ሌላ መልስ፦ እንደ ዓይነቱ ነው። ሊድ አሲድ (የእርሳስና አሲድ ባትሪ) ከሆነ ቶሎ ይሞታል፣ ተወው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ግን ይቆያል። እኔ ከቀየርኩ ወዲህ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ካርቡሬተር የሚባል ነገር የለም። ጎማና ፍሬን ያው ነው። ድምፅ ስለሌለው ግን እግረኛ ዘው ብሎ ይገባብሃል፤ ጡሩምባው ላይ እጅህ ይኑር።