የቀለበት ጣቴ ጧ አለ፤ ወጌሻ ጋ ልሂድ ወይስ ሐኪም ጋ?

ጠያቂው (ቡራዩ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ እየወጣሁ እግሬ አዳለጠኝ። በግራ እጄ በጣም ቀጭን ጠርዝ ነበር የያዝኩት፣ ጣቶቼን አጥፌ አውራ ጣቴን ከላይ ደርቤ፣ ያው ክሪምፕ የምንለውን አያያዝ። ክብደቴ በሙሉ እዚያ ላይ አረፈና የቀለበት ጣቴ ጧ አለ። ገመድ የያዘልኝ ልጅ ከታች ሆኖ ሰምቶታል። አሁን የጣቴ ሥር በመዳፍ በኩል አብጧል፣ ስጫነው ያመኛል። ማጠፍ እችላለሁ፣ ጀበና ሳነሳ ግን ይወጋኛል። አጎቴ ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩህ እያለ ነው፣ እናቴ ደግሞ ቅቤ ይዛ ልሽህ ትላለች። የማንን ልስማ? ራጅስ ልነሳ?

የሱሉልታው፦
አይዞህ ወንድሜ። ፑሊህ ይመስለኛል። ጣት የሚያጥፈው ጅማት ከክንድ ተነስቶ እስከ ጣት ጫፍ ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ከአጥንቱ እንዳይርቅ የሚይዙት ጠንካራ ቀለበቶች አሉ፣ ቀበቶ በሱሪ ማሳለፊያ ውስጥ እንደሚያልፈው በለው። ፑሊ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከኤ1 እስከ ኤ5 ይቆጠራሉ። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ጣት ሥር ያለው ኤ2 እና መሀለኛው አጥንት ላይ ያለው ኤ4 ናቸው። ክሪምፕ ኤ2ን ነው የሚያስጨንቀው፣ በብዛት የሚጎዳውም የቀለበት ጣት ነው። ድምፁም፣ ያበጠበት ቦታም ይገጥማል።

ከሰበታ፦
ምን አካበዳችሁ! ፕላስተር ጠቅልሎ መውጣት ነው። እኔ ስንቴ አሞኝ ትቼው ድኗል።

ፊዚዮዋ፦
ያንተ ድኖ ይሆናል፣ የሱ ግን ጧ ብሏል። ልዩነት አለው።
ጠያቂው፣ መጀመሪያ ይህን አድርግ። የጣትህን መሀለኛ አጥንት በሌላው እጅህ ቀጥ አድርገህ ያዝና ጫፉን ብቻ እጠፍ። እንቢ ካለህ የተበጠሰው ጅማቱ ራሱ ሊሆን ስለሚችል ሳምንት ሳትጠብቅ ሐኪም ይይህ፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር መስፋቱ ይከብዳል። ከታጠፈልህ ጣትህን ከጎን እየው፣ ከጤነኛው እጅህም ጋር አስተያየው። ስታጥፈው ጅማቱ ከአጥንቱ ተነስቶ ቆዳውን ወደ ውጭ ይገፋል? የሚገፋ ከሆነ ከአንድ በላይ ፑሊ ተቆርጦ ይሆናል። ጣትህ ላይ ተንጠልጥለህ ግን እንዳትሞክረው አደራ።

ራጅ ፑሊን አያሳይም። ስብራት እንደሌለ ለማወቅ ግን ይጠቅማል። ፑሊው የሚታየው በአልትራሳውንድ ነው። ከመሄድህ በፊት ደውለህ የጅማት አልትራሳውንድ የሚሠራ ራዲዮሎጂስት እንዳላቸው ጠይቅ፣ ሁሉም ቦታ አይሠሩትም። ጣትህን አጥፈህ እየገፋህ ይለኩት። ጅማቱ ከአጥንቱ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ ፑሊው ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል ብሎ መጠርጠር ነው። ጉዳቱ 4 ደረጃ አለው፤ 1 መወጠር ብቻ ነው፣ 2 ኤ2 በከፊል ወይም ኤ4 በሙሉ፣ 3 ኤ2 በሙሉ፣ 4 ደግሞ ብዙ ፑሊ አንድ ላይ ሲሄድ ነው። በአብዛኛው ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ለ4ኛው ነው። ሌላው በእረፍትና በልምምድ ይድናል።

የእንጦጦ ልጅ፦
ስለ ወጌሻው እኔ ልበል። በሙያቸው አከብራቸዋለሁ፣ ሰፈራችንም ያሉት ደግ ሰው ናቸው። ግን የተቀደደ ነገር ሲጎተትና ሲታሽ ይብሳል እንጂ አይገጥምም፣ ይህ ውልቃት አይደለም። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም ዘግቶ እጅ እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነው። ለእማማ ንገራቸው፣ ቅቤውን ለዶሮው ያቆዩልህ።

እናት (ለገጣፎ)፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገብቼ። የ14 ዓመት ልጄ ግድግዳ መውጣት ይለማመዳል። ጧ አላለም፣ ግን የመሀል ጣቱ መገጣጠሚያ ከላይ በኩል ሳምንታት ሆነው ያመዋል። እሱም ፑሊ ይሆን?

ፊዚዮዋ፦
እህቴ፣ በዚያ ዕድሜ ከላይ በኩል ካመመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ነው። በተደጋጋሚ ክሪምፕ ይሰነጠቃል። ነገ ዛሬ ሳትይ ራጅ ይነሳ፣ እስከዚያ መውጣት የለም፣ ጣት ማጠንከሪያ ሰሌዳ ላይ መንጠልጠልም የለም። ችላ ከተባለ ጣቱ ሊጣመም ይችላል። ከፑሊውም በላይ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ጠያቂው፦
አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ኤ2 በከፊል ተቀዷል፣ ርቀቱ ከ2 ሚሊሜትር በታች ነው አሉኝ። ጫፉም ይታጠፋል። ዲክሎፌናክ ልውሰድ? ፕላስተሩንስ እንዴት ነው የማስረው?

ፊዚዮዋ፦
እንግዲህ ደረጃ 2 ነህ ማለት ነው። መጀመሪያ ለ10 ቀን ያህል በስፕሊንት (ጣቱ እንዳይንቀሳቀስ በሚይዝ ድጋፍ) አሳርፈው። ጀሪካን በዚያ እጅ አታንሳ፣ ልብስ አትጭመቅ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቆመህ ከሆነ በቀኝህ ያዝ። ዲክሎፌናክ ለእብጠቱ ጥቂት ቀን ምንም አይልም፣ ያንን ውጠህ ህመሙ ሲጠፋልህ መውጣት ግን የለም። ስቴሮይድ ልውጋህ የሚል ካለ እንቢ በል፣ ያዳክመዋል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሳያምህ ማጠፍና መዘርጋት ትጀምራለህ።

ለፕላስተሩ የማይለጠጠውን ግዛ። 10 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጥና ከሁለቱም ጫፍ በመሀል ሰንጥቀው፣ መሀሉ ላይ 1 ሳንቲሜትር ሳይሰነጠቅ ይቅር። ያልተሰነጠቀው መሀለኛው መገጣጠሚያ ሥር፣ በመዳፍ በኩል ይረፍ። የታችኞቹን ሁለት እግሮች ከመገጣጠሚያው በታች፣ ወደ ጣትህ ሥር በኩል እሰር፣ ከዚያ ጣትህን አጥፈህ የላይኞቹን ከመገጣጠሚያው በላይ። የጣትህ ጫፍ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ፍታው።

የሱሉልታው፦
ከወር በኋላ ቀላል መንገድ፣ ትልልቅ መያዣ፣ ጣት ዘርግተህ ብቻ። በማግስቱ ካበጠ ወይም ካመመህ ወደኋላ ተመለስ። ክሪምፕ የመጨረሻው ነው፣ ሁለት ወር ቢፈጅም አትቸኩል።

ከሰበታ፦
እሺ፣ ተረታሁ። ፕላስተሩን ግን ከየትኛው ፋርማሲ ነው የምትገዙት? እኔ የገዛሁት ላብ ሲነካው ወዲያው ይላቀቃል።

የእንጦጦ ልጅ፦
ነጩን የጨርቅ ፕላስተር በለው፣ የትም አለ። ከማሰርህ በፊት ጣትህ ላይ ያለውን ማግኒዥየም፣ ያው ስንወጣ እጃችን እንዳያዳልጥ የምንቀባውን ነጭ ዱቄት፣ ታጠብ፣ የሚያላቅቀው እሱ ነው።