ድራው ነው ድሮው? ጠረጴዛችን ለሁለት ተከፍሏል

ጥያቄ፦
ሰላም ጓዶች። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆነን የምንጫወተውን የጠረጴዛ ጨዋታ በተጫወትን ቁጥር ክርክር ነው። ከመሬት በታች የሚኖሩትን ኤልፎች ግማሹ ድራው ይላቸዋል፣ ግማሹ ድሮው። ሊች የሚባለውን ሞቶ የማይሞት ጠንቋይ ደግሞ ሊክ የሚል አንድ ልጅ አለን፣ እሱም ድርቅ ብሏል። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦
እኔ ድራው ነው የምለው፣ ድሮው የሚሉም ሞልተዋል፣ ስለዚህ ለዚህ አትጣሉ። ሊች ግን በ«ች» ነው። ቃሉ የድሮ እንግሊዝኛ እንጂ ግሪክ አይደለም፣ ስለዚህ እንደ ግሪክ ቃል በ«ክ» አይነበብም። ደግሞ ክርክሩ አዲስ እንዳይመስልህ፤ ድራገን የተባለው መጽሔት በ1985 እ.ኤ.አ. በ93ኛ እትሙ የአነባበብ መመሪያ እስከማውጣት ደርሶ ነበር።

መልስ፦
ከፈረንሳይኛ የመጡት ናቸው የሚያስቁኝ። ታራስክ የሚባለውን ግዙፍ አውሬ «ታራስኪው» ሲሉት ሰምቻለሁ! አውሬው ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከፕሮቫንስ፣ ከታራስኮን ከተማ አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው፤ መጨረሻው «ስክ» ብሎ ይቆማል፣ አለቀ። ኩ ደ ግራስን (የመጨረሻውን ገዳይ ምት) ደግሞ ፈረንሳይኛ የመጨረሻውን ድምፅ ይውጣል ብለው «ኩ ደ ግራ» ያደርጉታል። እዚህ ጋ «ስ» አይዋጥም።

መልስ፦
የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ የቶልኪን ስሞች ላይ እንኳ መከራከር አያስፈልግም፣ ሰውዬው ራሱ በመጽሐፉ አባሪ ጽፎልናል። እሱ በፈጠረው በኤልፍኛ «ሲ» (C) ፊደል ሁሌም «ክ» ነው። ኬሌቦርን እንጂ ሴሌቦርን አይባልም። በሌላው ግን ጨዋታውን የሚመራው ጌም ማስተሩ ያለው ይሁን። አዲስ ተጫዋች ሞቅ ብሎት ሲያወራ አቋርጦ ማረም ግን ደስ አይልም፣ ልጁ ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ሊክ ባዩን ይህን አሳየዋለሁ። የእባብ ሰዎቹን፣ ዩዋን ቲንስ እንዴት ነው የምትሉት?